ግሪን ካርድ ይዤ ለከተማ ምክር ቤት ልምረጥ? ለታኮማ ፓርኳ እህት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህት ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክ ውስጥ ትኖራለች። ቤቷ ሜፕል አቬኑ ላይ ካሉት ትልልቅ አፓርታማዎች በአንዱ ነው። በዲቪ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍልታ ተቀምጣ ሳለ በሯ ተንኳኳ። ለከተማው ምክር ቤት የምትወዳደር ሴት ናት። በራሪ ወረቀት ሰጠቻትና «ዜጋ ባትሆኚም እዚህ ከተማ መምረጥ ትችያለሽ» አለቻት። ባለቤቷ ግን «እንዳትሞክሪው! ዜግነታችንን ሊያስከለክለን ነው» ብሎ ተቆጣ። እሷም እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «እውነት መምረጥ እችላለሁ? ብችልስ፣ ለከተማ ምክር ቤት መምረጥ ምን ይፈይዳል? ከጎረቤቶቼ የሚመርጥ ሰው አላውቅም። ደግሞስ እነዚህ ሰዎች በገንዘባችን ምን እንደሚሠሩ በምን አውቃለሁ?»

እህቴ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በምርጫ ጣቢያ ሠራተኝነትና በትናንሽ ከተሞች አስተዳደር ጉዳይ ረዘም ላለ ጊዜ ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የማውቀውን ግን ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ። ከባለቤትሽ ልጀምር፤ የፈራው ነገር እውነትነት አለውና።

በርሽን ያንኳኳችው ሴት አልዋሸችም። ባለቤትሽም አልተሳሳተም። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ምርጫ ነው።

ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ ለከንቲባና ለከተማ ምክር ቤት እንዲመርጡ የፈቀደችው በ1992 ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ የተነሳው ከ1990ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የምርጫ ወረዳዎቹን ድንበር እንደገና ሲያሰምሩ ነው። ወረዳዎቹ በነዋሪ ብዛት እኩል መሆን አለባቸው። መምረጥ የሚችለው ሰው ሲቆጠር ግን አንዱ ወረዳ ከሌላው በጣም አነሰ። ምክንያቱም ስደተኞች የሚኖሩባቸው አፓርታማዎች አንድ አካባቢ ተሰባስበው ነበር። ግብር የሚከፍል፣ ልጁን እዚሁ የሚያሳድግ፣ ድምፅ ግን የሌለው ሰው ብዙ ነበር። ኋላ የኮንግረስ አባል የሆነው ጄሚ ራስኪን ያን ጊዜ የሕግ መምህር ነበር፤ ለዚህ መብት ከተሟገቱት አንዱ እሱ ነው። በ1991 ጥያቄው ለነዋሪው ቀረበ። 1,199 ሰው ደገፈ። 1,107 ሰው ተቃወመ። በ92 ድምፅ ብቻ ነው ያለፈው። አንቺ ዛሬ «መምረጥ ትችያለሽ» የተባልሽው በእነዚያ 92 ሰዎች ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ከተሞች ለራሳቸው ምርጫ ማን መራጭ እንደሚሆን በቻርተራቸው፣ ማለትም በከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ፣ የመወሰን መብት አላቸው። ታኮማ ፓርክ ብቻ አይደለችም። ሃያትስቪል፣ ማውንት ሬይኒየር፣ ሪቨርዴል ፓርክና ሌሎች ትናንሽ ከተሞችም ይህን ፈቅደዋል። መብቱ ግን የከተማ ብቻ ነው። ለፕሬዚዳንት፣ ለኮንግረስ፣ ለገዢው፣ ለሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት፣ ለትምህርት ቦርድ መምረጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ እስከ አንድ ዓመት እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ከአገር ማስወጣትም ይከተላል። «አላወቅሁም ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም።

አሁን ልብ በይኝ፤ ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። ታኮማ ፓርክ እስከ 2017 ድረስ ምርጫዋን የምታካሂደው ለብቻዋ፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ነበር። ከ2020 ጀምሮ ግን ከአገሩ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን፣ ኖቬምበር ላይ ሆኗል። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የከተማ ነው፤ ሌላው የስቴትና የፌዴራል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ የተለያየ ነው፤ መዝገቡም የተለያየ ነው። አንቺ የምትመዘገቢው በከተማዋ ክለርክ (የከተማዋ ጸሐፊ) ቢሮ፣ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች በተዘጋጀው ቅጽ ነው። የስቴቱ የምርጫ ቦርድ ቅጽ የአንቺ አይደለም። ድረ ገጹም የአንቺ አይደለም። ትምህርት ቤት በር ላይ ረጅም ሰልፍ ብታዪ፣ ሰው ሁሉ ስለተሰለፈ ብለሽ አትሰለፊ። የከተማዋ ድምፅ መስጫ የት እንደሆነ ጠይቀሽ ሂጂ።

ከምርጫ ቀን ይልቅ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ አለ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ኤም ቪ ኤ ነው። እዚያ ፎቶ ተነስተሽ፣ ስክሪኑ ላይ ፈርመሽ ስትጨርሺ ለመራጭነት መመዝገብ ትፈልጊ እንደሆነ ይጠየቃል። ብዙ ወገኖቻችን ቶሎ ለመጨረስ ሁሉንም «አዎ» ይላሉ። ይህ የስቴቱ ምዝገባ ነው። «ዜጋ ነኝ» ብሎ መፈረም ማለት ነው። በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት በኢሚግሬሽን ሕግ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው ማለት ይቻላል፤ ይቅርታ የሚገኝለት በጭንቅ ነው። እዚያ ስትደርሺ «አይ» በይ። የሠራተኛው ንግግር ካልገባሽ «ዜጋ አይደለሁም» በይው፤ አስተርጓሚም ጠይቂ።

ለዜግነት ስታመለክቺ የምትሞዪው ኤን 400 ቅጽ፣ በምርጫ ተመዝግበሽ ወይም መርጠሽ ታውቂ እንደሆነ ይጠይቃል። ስለዚህ ታኮማ ፓርክ ላይ በሕጋዊ መንገድ ብትመዘገቢም ማስረጃሽን ያዢ። የሞላሽውን ቅጽ ፎቶ አንሺው። ከክለርኩ ቢሮ የመጣ ደብዳቤ ካለ አትጣዪው። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊትም አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ስለዚሁ ጥያቄ አማክሪ። የዘመኑ አየር ከብዷል፤ ባለቤትሽ «ዜግነት እስክናገኝ እንቆይ» ቢልሽ ውሳኔውን አከብራለሁ። ግን ውሳኔው ከእውቀት ይምጣ። «ወሬ ሰማሁ» በሚል ፍርሃት ብቻ መብት አይተውም።

ሌላም ማጣራት ያለብሽ ነገር አለ። በእርግጥ ከተማዋ ውስጥ ነሽ? ሜፕል አቬኑ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አንቺ ላይ ችግር አይኖርም። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ግን ልንገራቸው። በፖስታ አድራሻቸው «ታኮማ ፓርክ» የተጻፈ ብዙ ሰዎች ከከተማዋ ድንበር ውጭ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ከነስሟ ከተማ አይደለችም! የራሷ ከንቲባም ምክር ቤትም የላትም፤ በቀጥታ በሞንጎመሪ ካውንቲ ነው የምትተዳደረው። ሐበሻ የሞላባት ቦታ ናት፣ ብዙው ሰው ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለካውንቲ መምረጥ አይችልም፤ የሚመርጠው ከተማም የለውም።

ዋሽንግተን ዲሲ ከ2024 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችን በከተማ ምርጫ አሳትፋለች። ኮንግረስ ውስጥ ሊሽሩት የሞከሩ አሉና ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ የሚለው ምክር እዚያም ይሠራል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያላችሁ፣ ዜጋ ካልሆናችሁ አትችሉም። ኒው ዮርክ ከተማ በ2021 ፈቅዳ ነበር፤ በ2025 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሻረው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ እንምጣ። ምን ይፈይዳል? እኔ ከሁሉ በላይ ላወራ የምፈልገው ይህን ነው።

ኪራይሽን አስቢ። ታኮማ ፓርክ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን በሕግ ትገድባለች። አብዛኞቹ አፓርታማዎች ላይ አከራይ በዓመት የሚጨምረው ከኑሮ ውድነት መለኪያው ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ በላይ ልጨምር ካለ ለከተማዋ አመልክቶ ማስፈቀድ አለበት። ይህን ሕግ ያወጣው ኮንግረስ አይደለም፣ ገዢውም አይደለም። የከተማዋ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ደግሞ ሰባት ሰው ነው፤ ከንቲባውና ስድስት የወረዳ ተወካዮች። አራት ሰው ከተስማማ ሕግ ይወጣል፤ አራት ሰው ከተስማማ ሕግ ይሻራል። ሞንጎመሪ ካውንቲ ይህን መሰል ሕግ ያወጣው ገና በ2023 ነው። ያውም ገደቡ ላላ ያለ ነው፤ የኑሮ ውድነቱ ላይ ሦስት በመቶ ተጨምሮ፣ ከስድስት በመቶ እንዳያልፍ። አንቺ ከሜፕል አቬኑ ተነስተሽ ጥቂት ብሎክ ከድንበሩ ብትሻገሪ ኪራይሽ የሚያድገው በሌላ ሕግ ነው።

ከተማዋ የራሷ ፖሊስ አላት። የራሷ ቤተ መጻሕፍት አላት። ቆሻሻ ማንሳቱ፣ በረዶ መጥረጉ፣ የእግረኛ መንገዱ፣ የመንገድ መብራቱ፣ ሁሉም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚወሰነው። ትምህርት ቤት ግን የካውንቲው ነው፤ ስለ ልጅሽ ትምህርት ቤት ለከተማው ተወካይ ብታማርሪ ሊሰማሽ ይችላል እንጂ ሥልጣኑ የለውም።

ከተማዋ በ2020ው ቆጠራ 17,629 ሰው ነበራት። በስድስት ወረዳ ስታካፍዪው አንድ ወረዳ ሦስት ሺህ ገደማ ነው፤ ሕፃናትን ጨምሮ። ከዚያ ውስጥ የሚመዘገበው አለ፣ ከተመዘገበውም የሚመርጠው አለ። በጥቂት መቶ ድምፅ ወንበር የሚያዝበት ቦታ ነው። አንቺ ያለሽበት ሕንፃ ብቻውን ውጤት ሊቀይር ይችላል ስልሽ ማጋነኔ አይደለም።

«በትንሽ ከተማ ነው እንጂ» እንዳትዪ፣ ካውንቲውን እዪ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አለው። በ2018 ለካውንቲ ኤክሴኪዩቲቭ፣ ማለትም ለካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ፣ ዴሞክራቶች እጩያቸውን በመረጡበት ምርጫ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፈው በ77 ድምፅ ነው። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። በዚያኛው ልዩነቱ 32 ድምፅ ሆነ። ሠላሳ ሁለት! አንድ የእሑድ ቅዳሴ ላይ አንድ ረድፍ ወንበር የሚይዘው ሰው ነው። ኤልሪች ደግሞ የታኮማ ፓርክ ሰው ነው፤ ለረጅም ዓመታት የከተማዋ ምክር ቤት አባል ነበር። በ2018 ዘመቻውን ያካሄደው ካውንቲው ባቋቋመው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ሥርዓት እጩው ያን ጊዜ ከግለሰብ እስከ 150 ዶላር ብቻ ይቀበል ነበር፣ ከኩባንያ ምንም አይቀበልም፣ ካውንቲው ያን እያባዛ ይሰጠዋል። ብሌር ነጋዴ ነው፤ ከራሱ ኪስ ሚሊዮኖች አወጣ። እዚህ ማን ጥሩ ነው ማን መጥፎ ነው አልልም። የምለው፣ ሚሊዮን ዶላርም ሆነ 77 ሰው አንድ ሚዛን ላይ መቀመጣቸውን ነው። እዚያ ምርጫ ውስጥ ዜግነት ይዘው፣ ተመዝግበው፣ ያልሄዱ ስንት ወገኖቻችን ነበሩ? ያን ሳስብ ያመኛል። ካርዱ በእጃቸው ነበር።

ጎረቤቶችሽ ለምን እንደማይመርጡ አውቃለሁ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ማክሰኞ ቀን አይመቸውም። ወረቀት ይፈራል። ደግሞም ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነገር አለ፤ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባልን ነው ያደግነው። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰው ሳይነጋ ወጥቶ ተሰልፎ ነበር፤ እኔም ቤተሰቤ ውስጥ ያ ሰልፍ ምን ተስፋ እንደነበረበት፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ምን እንዳቆሰለ አይቻለሁ። ያን ያየ ሰው ስለ ምርጫ ሲሰማ ልቡ ቢደክም አልፈርድበትም። የቆሻሻ መኪና ቀን መወሰን ግን ኮረንቲ አይደለም። እድር ነው። ስብሰባው ላይ የሚመጣው ማን እንደሆነ ነው የሚወስነው።

አንድ ነገር ደስ ይለኛል። ታኮማ ፓርክ በ2013 አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች በከተማ ምርጫ እንዲመርጡ ፈቀደች። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ከተመዘገቡት የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች 44 በመቶ ያህሉ መረጡ። ከጠቅላላው ተመዝጋቢ የመረጠው ግን አሥር በመቶ ገደማ ነበር። ልጆቹ አዋቂውን አራት እጥፍ በለጡት። ልጅሽ እዚያ ዕድሜ ላይ ከደረሰ፣ አንቺ ብትፈሪ እንኳ እሱ ዜጋ ከሆነ ምንም የሚያሰጋው ነገር የለም። አብራችሁ ወረቀቱን አንብቡ።

ምርጫው ወደ ትልቁ ምርጫ ቀን የዞረውም ለዚሁ ነው፤ ሰው ለፕሬዚዳንት ሲወጣ ለከተማውም እንዲመርጥ። ሰው ያበዛል። በእኔ አስተያየት ጥሩ እርምጃ ነው፤ ዋጋ ግን አለው። ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑም ስልኩም ስለ ዋይት ሀውስ ነው የሚጮኸው። ስለ ሜፕል አቬኑ የሚያወራልሽ በር የምታንኳኳው ሴት ብቻ ናት። ስለዚህ በሯን አትዝጊባት።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ላይ ስደርስ አንድ ታሪክ ላውራሽ። ሰው የማይመርጥበት ከተማ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቤል የምትባል ከተማ አለች። ትንሽ ናት፤ ያን ጊዜ ወደ 36 ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር። አብዛኛው ከላቲን አሜሪካ የመጣ ሠራተኛ ቤተሰብ ነው፤ የሊባኖስ ተወላጆችም አሉ። ድሃ ከተማ ናት። በ2005 የካሊፎርኒያ ስቴት የከተማ ምክር ቤት አባላት ደመወዝ ላይ ገደብ ጣለ። የቤል ባለሥልጣናት ከገደቡ የሚያመልጡበት መንገድ አገኙ፤ ከተማዋን የራሷ ቻርተር ያላት ከተማ ማድረግ። ለዚህ የሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል። ልዩ ምርጫ ጠሩ፣ ሌላ ምንም ምርጫ በሌለበት ቀን። ስለ ደመወዝ የተነገረ ነገር አልነበረም። ወጥቶ የመረጠው ከ400 ያነሰ ሰው ነው። አለፈ።

የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በ1993 ሲቀጠር ደመወዙ 72 ሺህ ዶላር ነበር። በ2010 ወደ 800 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚከፈለው 400 ሺህ ነው። የምክር ቤት አባላቱ፣ ሥራው የትርፍ ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ ወደ 100 ሺህ ይወስዱ ነበር። እንዴት ቢባል፣ የተለያዩ ቦርዶች አባል ነን እያሉ ነው፤ ቦርዶቹ ለደቂቃዎች ተሰብስበው ይበተናሉ ወይም ጭራሽ አይሰበሰቡም። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከነዋሪው ነዋ። ግብሩ ከፍ አለ። ፖሊስ የሠራተኛውን መኪና እያስቆመ ወደ ማጎሪያ ያስጎትት ነበር፤ ባለቤቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ያስለቅቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ አንድ ነዋሪ በ2008 ደመወዛቸውን በጽሑፍ መጠየቁ ነው። ጠየቀ፤ መልስም አገኘ። የተሰጠው ወረቀት ግን የሐሰት ነበር። በአቅራቢያው ጋዜጣ የለ፣ ስብሰባ የሚመጣ ሰው የለ፣ የሚያመሳክር የለ። በ2010 ክረምት ሁለት የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች በመረጃ ሕጉ መሠረት ሰነዱን ጠየቁ፤ ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ አደባባይ ወጣ። «ባስታ» የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ በስፓኒሽ «በቃ» ማለት ነው። ከመሪዎቹ አንዱ የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ የሆነው አሊ ሳሌህ ነበር። በማርች 2011 በሥልጣን የቀሩትን የምክር ቤት አባላት በድምፅ አነሷቸው፤ ሳሌህም ምክር ቤት ገባ። ሪዞ በ2014 አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ቤልን የዘረፏት በሌሊት ሰብረው አይደለም። ስብሰባው ክፍት ነበር፣ ምርጫውም ነበር። የሚያይ ሰው ብቻ ነበር የሌለው። የእድር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አሥር ሰው ብቻ ከመጣ፣ ገንዘብ ያዡ ታማኝ ቢሆን እንኳ ሂሳቡን ማን ያውቀዋል? የመራጩ ማነስና የአሠራሩ መድበስበስ አንድ በሽታ ነው። ሁለት አድርጌ ላየው አልችልም።

ታኮማ ፓርክ ቤል ናት እያልኩሽ እንዳይደለ ይገባሻል። የሚታይ ነገር ስላላት እንድታዪ ነው የምልሽ። እንዴት እንደምታዪ ልንገርሽ።

በጀቱን በመመልከት ጀምሪ። የከተማዋ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ወሳኙ ጊዜ ፀደይ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን ያቀርባል፣ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ ይጠራል፣ ከዚያ ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። ሰነዱ ወፍራም ነው፤ ሁሉንም አታንብቢ። የመንገድ ሥራና ጥገና የሚለውን ክፍል ፈልጊ። የትኞቹ መንገዶች ስም እንደተጠቀሰ እዪ። የአንቺ መንገድ አለ? ያለፈው ዓመት ተብሎ የነበረውስ ተሠራ? አንድ ሰው ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ስብሰባ ላይ ቢቆም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና ይላል። አይቼዋለሁ።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ረቡዕ ማታ ነው፣ ሜፕል አቬኑ ላይ ባለው ኮሚዩኒቲ ሴንተር። ከቤትሽ በእግርሽ ትደርሻለሽ። መናገር የሚፈልግ ነዋሪ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ዜጋ መሆን አያስፈልግም። መመዝገብም አያስፈልግም። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ወደ ክለርኩ ቢሮ ደውዪ። የሜሪላንድ የግልጽ ስብሰባ ሕግ ምክር ቤት በዝግ ሊወያይበት የሚችለውን ጉዳይ ቆጥሮ አስቀምጧል፤ በዝግ ሲገቡም ምክንያቱን ጽፈው፣ በግልጽ ድምፅ ሰጥተው ነው። ያለ ምክንያት በር ቢዘጉ አቤት የሚባልበት የስቴት ቦርድ አለ።

ከዚያ ደግሞ የሕዝብ መረጃ ሕግ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ማንም ሰው የመንግሥት ሰነድ መጠየቅ ይችላል። ለምን እንደፈለግሽው እንድታብራሪ አትገደጂም። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ በመሠረቱ ከ30 ቀን አይበልጥም። ሰነዱን ለመፈለግ የሚወስደው የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት በነፃ ነው። ስትጠይቂ ጠበብ አድርጊው። «ስለ ሕንፃችን ያለውን ሁሉ» ካልሽ ወር ሙሉ ይፈጃል፣ ገንዘብም ይጠይቁሻል። «ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚህ አድራሻ የተደረጉ የቤት ፍተሻ ውጤቶች» ካልሽ ግን የታወቀ ነገር ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ትንሽ ከተማ የበረዶ መጥረግ ውል ጠይቄ ነበር። ስሟን አልጠራም። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። አንድ ወር አለፈ። ደግሜ ጻፍኩ፤ በዚህኛው የሕጉን ስምና የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ቀን ጠቀስኩ፣ ለምክር ቤት አባሌም ግልባጭ አደረግሁ። በአራተኛው ቀን ውሉ ኢሜይሌ ውስጥ ነበር። ውሉ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። ዝም ያሉኝ ጠይቆ የሚከታተል ሰው ስላልለመዱ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ግን ስደውል በስሜ ያውቁኛል።

ስለ ዘመቻ ገንዘብም ጠይቀሻል ማለት ነው፣ ባትዪውም። እጩዎች ከማን ምን እንደተቀበሉ ለከተማዋ ክለርክ ሪፖርት ያስገባሉ፣ ሰነዱም የሕዝብ ነው። በርሽን ያንኳኳችውን ሴት ስም ፈልጊ። አከራይሽ ወይም የሕንፃ ሥራ አስተዳዳሪዎች ሰጥተው እንደሆነ ታያለሽ። መስጠታቸው ወንጀል አይደለም። አንቺ ግን ማወቅ አለብሽ። ሲያትል ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ከተማችሁ በከተማ ምርጫ ዓመት ለተመዘገቡ መራጮች የ25 ዶላር አራት ቫውቸር ትልካለች፤ ለምትወዱት እጩ የምትሰጡት ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ሰው አመልክቶ ማግኘት ይችላል። ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከማስታወቂያ ጋር አትጣሉት።

ወገኖቻችንም በምክር ቤት ወንበር ላይ መቀመጥ ጀምረዋል። ጋምቤላ ተወልዶ በስደተኞች ካምፕ ያደገው ኦባላ ኦባላ በ2019 መጨረሻ ዜጋ ሆኖ፣ ዓመት ሳይሞላው በ2020 ሚኒሶታ ውስጥ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ከተማዋ ትንሽ ናት። በር እያንኳኳ ነው የተመረጠው።

ያቺ ሴት ተመልሳ ብትመጣ ሦስት ነገር ጠይቂያት። «ስለ ኪራይ ገደቡ አቋምሽ ምንድን ነው?» በያት፤ እደግፋለሁ ካለች «ሊቀየር የሚገባው ነገር አለ?» ብለሽ ቀጥዪ፣ እውነተኛው መልስ የሚመጣው ያኔ ነው። «ባለፈው ዓመት ስንት የምክር ቤት ስብሰባ ተገኝተሻል?» በያት። የሦስተኛውን መልስ ጻፊው፦ «ከተመረጥሽ እዚህ ሕንፃ ተመልሰሽ የምትመጪው መቼ ነው?» ቀን ከሰጠችሽ፣ ያን ቀን ጎረቤቶችሽን ጥሪና ቡና አፍዪ።

ታኮማ ፓርክ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በደረጃ ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልሽ ቁጥር ትሰጫቸዋለሽ። የመጀመሪያ ምርጫሽ ከወደቀ ድምፅሽ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ስለዚህ «ይህቺ አታሸንፍም፣ ድምፄ ይባክናል» ብለሽ አትጨነቂ።

ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው፦ ምንም ሳትፈርሙ፣ ምንም ሳትመዘገቡ፣ የፊታችን ረቡዕ ማታ ሁለታችሁም ኮሚዩኒቲ ሴንተር ሂዱና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማን እንደሚናገር፣ ስለምን እንደሚናገር ስሙ። ከአፓርታማ የመጣ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። ከዚያ ጠበቃውን አማክራችሁ፣ ቅጹን መሙላት አለመሙላቱን ቤታችሁ ተመካከሩበት። የክለርኩ ቢሮ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው።